የማይጠፋው ሳጥን፦ የከርነል ጥገና ማስታወሻ ከባሕር ዳር

ሰኔ መጨረሻ፦ ችግሩ

የበጋው መስኖ አብቅቶ ቦዮቹ ስለተዘጉ፣ በመራዊ ዙሪያ ተተክለው የከረሙት የውኃ ከፍታ መለኪያ ሳጥኖች ተነቅለው ባሕር ዳር ወዳለው ወርክሾፓችን ገብተዋል። እያንዳንዱ ሳጥን ሊኑክስ የተጫነበት ባለ አራት ኮር የአርም ቦርድ፣ በአይቱሲ መስመር የሚነበብ የግፊት ሴንሰር፣ የሞባይል ሞደምና አንድ የ12 ቮልት ባትሪ ይዟል። መብራት ሲጠፋ የባትሪው መቆጣጠሪያ ለቦርዱ ምልክት ይሰጣል። ቦርዱ ራሱን በሥርዓት ዘግቶ በመጨረሻ አንዲት የጂፒአይኦ እግር (በሶፍትዌር ከፍና ዝቅ የምትደረግ የቦርዱ ፒን) ዝቅ ሲያደርግ መቆጣጠሪያው ኃይሉን ይቆርጣል፤ መብራት ሲመለስም መልሶ ያስነሣዋል።

አንዳንዶቹ ሳጥኖች ግን አልፎ አልፎ በመዝጋት ላይ እንዳሉ ቀጥ ይላሉ። ይህ በሆነ ጊዜ እግሯ ዝቅ ስለማትል መቆጣጠሪያው ቦርዱ ሥራ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ኃይሉን አይቆርጥም፣ መብራት ቢመለስም አያስነሣውም። ሰው ከባሕር ዳር መራዊ ድረስ ሄዶ ባትሪውን ነቅሎ እስኪሰካው ድረስ ከዚያ ቦይ አንድም ልኬት አይመጣም። እስከ መጨረሻው የተሟጠጠ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል፤ የአንዱ ዋጋ ከ3,000 ብር በላይ ስለሆነ ነገሩን እንደ ጥቃቅን ጉድለት ማለፍ አይቻልም።

በካርዱ ላይ ያለው ሎግ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይናገርም። ሊናገርም አይችልም፤ ከርነሉ (የሊኑክስ ዋናው ክፍል) መሣሪያዎቹን መዝጋት በሚጀምርበት ጊዜ ፋይል ሲስተሙ ቀድሞ ስለተነቀለ፣ ከዚያ ወዲያ የሚታተመው ሁሉ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጡኝ የቦዩ የውኃ አባት ናቸው። ሳጥኑን ስንነቅል «ልጄ፣ ሌሎቹ መብራት በሄደ በደቂቃው ድርግም ይላሉ፤ ይኸኛው ግን አረንጓዴዋን እያርገበገበ ያመሻል» አሉኝ። አረንጓዴዋን የሚያርገበግባት የእኛው ድራይቨር (ሴንሰሩን የሚያነበው የከርነል ኮድ) ታይመር ነው። እንግዲያው ሳጥኑ በቆመበት ሰዓት ቢያንስ አንዱ ኮር ኢንተራፕት (ከሃርድዌር የሚመጣ የማቋረጫ ጥሪ) ይቀበላል፣ ታይመሩም ራሱን መልሶ እየሞላ ነው ማለት ነው። ከርነሉ አልሞተም፤ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው።

ሐምሌ፣ የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሲሪያል

ፋይል ሲስተሙ ከተነቀለ በኋላ የሚነገረውን ለማንበብ ሲሪያል ኮንሶል ያስፈልጋል። ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ በ850 ብር ገዛሁ። የቦርዱ እግሮች ከ3.3 ቮልት በላይ ስለማይችሉ፣ በመቀየሪያው ላይ ያለችውን ጃምፐር ከ5 ቮልት ወደ 3.3 ማዛወር ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው። መልእክቱን በኔትወርክ የሚልከውን ኔትኮንሶልንም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የኔትወርክ ድራይቨሩ ራሱ በዚሁ ሂደት ላይ ስለሚዘጋ የምፈልገውን መጨረሻ አያሳየኝም።

በከርነሉ የማስነሻ መስመር ላይ «ኢኒትኮል ዲበግ» እና «ኢግኖር ሎግሌቨል» የሚሉትን ጨመርሁ። የመጀመሪያው ከስሙ ለማስነሻ ብቻ የሚያገለግል ቢመስልም፣ ከርነሉ በሚዘጋበት ጊዜም የእያንዳንዱን መሣሪያ ስም ተራው ሲደርስ ያትማል። መሣሪያዎቹ የሚዘጉት ከተመዘገቡበት ቅደም ተከተል በተቃራኒ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስለሆነ፣ ሴንሰሩ ከተሰካበት የአይቱሲ መቆጣጠሪያ በፊት መዘጋቱ ትክክል ነው። በቆመው ሳጥን ላይ ግን የመጨረሻው የታተመ ስም የእኛው ሴንሰር ሆነ፤ ከእርሱ በኋላ መቆጣጠሪያው መምጣት ሲገባው አልመጣም።

ከርነሉ የተንጠለጠሉ ሥራዎችን የሚከታተል መርማሪ አለው፤ የተለመደው ወሰኑ 120 ሰከንድ ነው። ያን ያህል ጠብቄ መርማሪው የሁለት ሥራዎችን የጥሪ ሰንሰለት አተመልኝ። (በማግሥቱ ወሰኑን ወደ 20 ሰከንድ ዝቅ አደረግሁት፤ ስህተት እየደጋገሙ ሲፈልጉ ሁለት ደቂቃ ብዙ ነው።) አንደኛው ቁጥር 1 ፕሮሰስ ሲሆን በ«ካንስል ወርክ ሲንክ» (ሥራን ሰርዞ፣ ከጀመረም እስኪያልቅ የሚጠብቅ ፈንክሽን) ውስጥ ተኝቷል። ሁለተኛው የወርክኪው (የከርነሉ የሥራ ወረፋ) ሠራተኛ ክር ሲሆን «ሚውቴክስ ሎክ» ላይ ተኝቷል፤ ሚውቴክስ በአንድ ጊዜ አንድ ክር ብቻ የሚይዘው ቁልፍ ነው።

ሁለቱን ሰንሰለቶች ከኮዱ ጋር አያይዤ ሳነብ ምክንያቱ ተገለጠ። የድራይቨሩ የመዝጊያ ፈንክሽን መጀመሪያ ሚውቴክሱን ይይዛል፤ ለሴንሰሩ የእንቅልፍ ትእዛዝ ይልካል፤ የሴንሰሩ ሰነድ እንደሚያዝዘው 200 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያም ሚውቴክሱን ሳይለቅ «ካንስል ወርክ ሲንክ»ን ጠርቶ የንባቡ ሥራ እስኪያልቅ ይቆማል። የንባቡ ሥራ ደግሞ በመጀመሪያ መስመሩ ያንኑ ሚውቴክስ ይጠይቃል። በእነዚያ 200 ሚሊሰከንዶች ውስጥ ታይመሩ ደርሶ ሥራውን ካስነሣው፣ ሥራው ሚውቴክሱን፣ የመዝጊያው ፈንክሽን ደግሞ ሥራውን እየጠበቁ ሁለቱም እንደተያያዙ ይቀራሉ። ታይመሩ የሚደርሰው በየ5 ሰከንዱ ስለሆነ ይህ የመሆኑ ዕድል በግምት ከ25 አንድ ነው፤ በመስክ ላይ ስናየው ከከረምነው ድግግሞሽ ጋርም ይስማማል። ታይመሩ ሚውቴክሱን ስለማይነካ፣ ሁለቱ ተቆላልፈው እንኳ አረንጓዴዋን ማርገብገቡን ይቀጥላል። የውኃ አባቱ ያዩት ይህንን ነው።

ከሚውቴክሱ በላይ ባለው መስመር ላይ ከእኔ በፊት በኮዱ የሠራ ሰው የጨመረው የ500 ሚሊሰከንድ ማዘግየት አለ። በአጠገቡ እንደተጻፈው «ሥራው እንዲያልቅ» ታስቦ ነው። ነገር ግን አደገኛው መስኮት ከማዘግየቱ በኋላ የሚከፈት ስለሆነ፣ ማዘግየቱ መስኮቱን ከነስፋቱ በግማሽ ሰከንድ ወደፊት ከመግፋት በቀር የሚጠቅመው የለም። ሃርድዌሩ በሰነዱ ከሚጠይቀው በስተቀር፣ በመዝጊያ መንገድ ላይ የተጻፈ ማዘግየት ሁሉ ሊጠረጠር ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ሬስ ኮንዲሽንን (በጊዜ መገጣጠም የሚመጣን ስህተት) አያስወግድም፣ ወርክሾፕ ውስጥ እንዳይታይ አድርጎ ወደ ቦዩ ይልከዋል እንጂ።

ሐምሌ አጋማሽ፦ ያለ ቦርድ መሞከር

በቦርዱ ላይ ያለው ከርነል ቦርዱን ከሸጠልን አካል የመጣ 5.15 ነው። ለሙከራ ግን ከእርሱ በኋላ የወጣውን 6.6 በላፕቶፕ ላይ፣ ኮምፒውተርን በሚያስመስለው ፕሮግራም በኪውኢሙ ማስኬድ መረጥሁ። የከርነሉን ሙሉ ታሪክ በጊት ማውረድ ከ2 ጊጋባይት በላይ የኢንተርኔት ጥቅል ስለሚበላ፣ የመጨረሻውን ገጽታ ብቻ በ«ዴፕዝ 1» አወረድሁ። በዚህ መንገድ ሲወርድ በጊት ባይሴክት ወደ ኋላ እየተመለሱ ስህተት የገባበትን ቀን መፈለግ አይቻልም፤ ስህተቱ በራሳችን ድራይቨር ውስጥ ስለሆነ ግን አልጎዳኝም።

ሴንሰሩን የሚተካልኝ «አይቱሲ ስታብ» የተባለው የከርነሉ ሞጁል ነው፤ የአንድ ቺፕ ሬጅስተሮችን በሜሞሪ ላይ አስመስሎ ያቀርባል። የሚያስተናግደው የኤስኤምባስ ትእዛዞችን ብቻ ቢሆንም ድራይቨራችን የሚጠቀመው እነርሱኑ ነው። ሴንሰሩ «ልኬት ደርሷል» ሲል የሚልከውን ኢንተራፕት ደግሞ በ«ጂፒአይኦ ሲም» አስመሰልሁት። እነዚህ ሁለቱ ከተገኙ፣ ዝናብና መብረቅ መብራቱን ባጠፋበት ከሰዓት በኋላ እንኳ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ መሥራት ይቻላል።

ከዚያም ሎክዴፕን አብርቼ ከርነሉን ኮምፓይል አደረግሁ። ሎክዴፕ ኢንጎ ሞልናር የሠራው፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከ2.6.18 እትም አንሥቶ በከርነሉ ውስጥ ያለ መርማሪ ነው። ጥቅሙን ሳልገልጽ ማለፍ አልችልም፦ ዴድሎኩ (እርስ በርስ እየተጠባበቁ መቆላለፍ) በተግባር እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ሎኮቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተያዙ መዝግቦ፣ በሌላ ጊዜ በተቃራኒው ሲያዙ ካየ ወዲያው ይናገራል። ወርክኪውም እንደ ሎክ ስለሚመዘገብ፣ ማሽኑ ያለ ምንም እክል በጠፋበት ሙከራ ላይ ሎክዴፕ «ፖሲብል ሰርኩላር ሎኪንግ ዲፔንደንሲ ዲቴክትድ» (ሎኮቹ በክብ ሊጠባበቁ ይችላሉ) ብሎ የሚውቴክሱንና የንባቡን ሥራ ስም ለይቶ አተመ። ከ25 አንድ ጊዜ የሚመጣውን ነገር በመጀመሪያው ዙር አሳየ ማለት ነው። ይህ ድራይቨር ሲጻፍ አንድ ጊዜ እንኳ ሎክዴፕ በበራበት ከርነል ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ የበጋው የመራዊ ምልልስ ባልነበረ።

ጥገናው በራሱ ትንሽ ነው፤ «ካንስል ወርክ ሲንክ»ን ሚውቴክሱ ከመያዙ በፊት ማድረግ። የ500 ሚሊሰከንዱንም ማዘግየት አጠፋሁት። ሎክዴፕ ዝም አለ።

ነሐሴ፣ በፍልሰታ፦ ቅደም ተከተል

ዴድሎኩ ቢወገድም ድራይቨሩን በሌላ መንገድ ማየት ነበረብኝ። ማሽኑ ሲጠፋ ከርነሉ የሚጠራው የድራይቨሩን «ሹትዳውን» ፈንክሽን ብቻ ነው፤ «ሪሙቭ» አይጠራም፣ ሜሞሪም አይለቀቅም። እኛ ግን ድራይቨሩን በመስክ ላይ ቦርዱን ሳናጠፋ እንቀይራለን፤ ያን ጊዜ «ሪሙቭ» ይጠራል፣ ሜሞሪውም ይለቀቃል። ሁለቱም መንገዶች አንዱን የማቆሚያ ፈንክሽን እንዲጋሩ አድርጌ፣ የሜሞሪ ስህተቶችን የሚይዘውን የከርነሉን መርማሪ ካሳንን አብርቼ ድራይቨሩን የሚጭንና የሚነቅል ስክሪፕት አስጀመርሁ። ብዙም ሳይቆይ ካሳን ከተለቀቀ በኋላ የተነካ ሜሞሪ እንዳለ ተናገረ፤ የነካውም ታይመሩ ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩን በዝርዝር ማስቀመጥ ይገባል። ታይመሩ በደረሰ ቁጥር ሥራውን ያስነሣል። ሥራው ደግሞ ንባቡ ካልተሳካ ቶሎ ደግሞ ለመሞከር ታይመሩን በ100 ሚሊሰከንድ ይሞላዋል። እያንዳንዳቸው ሌላውን የሚቀሰቅሱ ስለሆኑ፣ መጀመሪያ ሥራውን ብንሰርዝ ታይመሩ በመካከል ደርሶ እንደገና ያስነሣዋል፤ መጀመሪያ ታይመሩን ብንሰርዝ በሂደት ላይ ያለው ሥራ መልሶ ይሞላዋል። በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢኬድ ቀዳዳ ይቀራል።

በቅድሚያ የሞከርሁት ብዙ ድራይቨሮች ላይ የሚታየውን «እየተዘጋ ነው» የሚል ባንዲራ ነው፦ የማቆሚያው ፈንክሽን ባንዲራውን ያነሣል፣ ሥራው ደግሞ ታይመሩን ከመሙላቱ በፊት ባንዲራውን ያያል። ካሳን አሁንም ጮኸ። ያገኘሁት ሁኔታ ይህ ነው። በኮር 1 ላይ ያለው ሥራ ባንዲራውን አይቶ አለመነሣቱን ያረጋግጣል፤ ታይመሩን የሚሞላው መስመር ላይ ገና አልደረሰም። በዚያች ቅጽበት በኮር 0 ላይ ያለው የማቆሚያ ፈንክሽን ባንዲራውን ያነሣል፣ ታይመሩን ሰርዞም ይጨርሳል። ኮር 1 ካቆመበት ቀጥሎ፣ ባንዲራው አሁን ምን እንደሚል ሳያይ፣ የተሰረዘውን ታይመር ይሞላል። ኮር 0 ሥራው እስኪያልቅ ጠብቆ ሜሞሪውን ይለቃል፤ ከ100 ሚሊሰከንድ በኋላ ታይመሩ በሌለ ሜሞሪ ላይ ይደርሳል። ባንዲራውን አቶሚክ (በመካከል የማይቋረጥ) ማድረግ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም፤ ችግሩ በማየትና በማድረግ መካከል ያለው ክፍተት ነውና። ማየቱና መሙላቱ በአንድ ስፒንሎክ (ጠባቂው ሳይተኛ የሚጠብቀው ሎክ) ሥር፣ ባንዲራውን ማንሣቱም በዚያው ስፒንሎክ ሥር ሲሆን ክፍተቱ ይዘጋል። ታይመሩን የሚሰርዘው ጥሪ ግን ከስፒንሎኩ ውጪ መሆን አለበት፤ የታይመሩ ፈንክሽን ያንኑ ስፒንሎክ ስለሚይዝ፣ በሎኩ ውስጥ ሆኖ እርሱን መጠበቅ ሐምሌ ላይ ያጠፋነውን ዴድሎክ በሌላ መልክ መመለስ ይሆናል።

በስፒንሎክ የተጠበቀው ባንዲራ ሠራ፤ ካሳንም ዝም አለ። ሆኖም 6.6ን ሳነብ የተሻለ መንገድ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 6.2 ከርነል «ታይመር ሹትዳውን ሲንክ» የሚባል ፈንክሽን ገብቷል። ይህ ፈንክሽን ታይመሩን ይሰርዛል፣ በሌላ ኮር ላይ እየሄደ ከሆነ እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊሞላው ቢሞክር ጥሪው ያለ ምንም ውጤት እንዲያልፍ ያደርጋል። ለእንዲህ ዓይነቱ እርስ በርሱ የሚቀሰቀስ ጥንድ ታስቦ የተሠራ ነው። በእጃችን ባለው 5.15 ውስጥ ስለሌለ ቦርዶቹን ወደ 6.6 ማሻገር ግድ ሆነ፤ ለዚህ የሄደው ጊዜ ከስህተቱ ፍለጋ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ቡሄ አካባቢ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ተገኘ። ኢንተራፕቱ የተመዘገበው ከርነሉ ራሱ በሚለቅልን በ«ዴቭኤም» መንገድ ነው። ይህ አሠራር ኮድ ያሳጥራል፤ ነገር ግን ኢንተራፕቱ የሚለቀቀው «ሪሙቭ» ከተመለሰ በኋላ ነው። በመካከል ያለችው ጊዜ አጭር ብትሆንም፣ ሴንሰሩ በእርሷ ውስጥ «ልኬት ደርሷል» ካለ ኢንተራፕቱ የተሰረዘውን ሥራ እንደገና ያስነሣዋል። ስለዚህ የማቆሚያው ፈንክሽን አሁን የሚጀምረው ኢንተራፕቱን የሚያጠፋውን «ዲሴብል አይአርኪው»ን በመጥራት ነው፤ እርሱም በሂደት ላይ ያለ የኢንተራፕት ፈንክሽን ካለ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ቀጥሎ ታይመሩ፣ ቀጥሎ ሥራው ይቆማሉ፤ ሁሉም ጸጥ ካሉ በኋላ ብቻ ሚውቴክሱ ተይዞ ለሴንሰሩ የእንቅልፍ ትእዛዝ ይላካል። አዲስ ሥራ የሚያመጡት ምንጮች ሳይዘጉ ያለውን ሥራ መሰረዝ ምንጩን ሳይደፍኑ ጎርፍ እንደመቅዳት ነው፤ የድሮው ኮድ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር።

ጳጉሜን፦ ሁለት ትንንሽ ነገሮች

አልፎ አልፎ ከተነሣ በኋላ የመጀመሪያው ልኬት 0 ሆኖ ይመዘገብ ነበር። አንዱ ኮር ልኬቱን ጽፎ «ዝግጁ» የሚል ምልክት ያስቀምጣል፣ ሌላው ምልክቱን አይቶ ልኬቱን ያነባል። በኤክስ86 ላፕቶፕ ላይ አንድ ኮር የጻፋቸው ነገሮች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ለሌላው ስለሚታዩ ይህ ኮድ ደኅና ይመስላል፤ አርም ላይ ግን ምልክቱ ከልኬቱ ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ቅደም ተከተሉን እንዲያስጠብቁ አጻጻፉን በ«ስቶር ሪሊስ»፣ አነባበቡን በ«ሎድ አኳየር» ተካሁት፤ 0 ከዚያ ወዲህ አልታየም። በ5.8 ወደ ከርነሉ የገባው፣ ኮሮች ሳይጠባበቁ የሚነኩትን ሜሞሪ የሚፈልገው መርማሪ ኬሲሳን ይህን ቦታና ሌላ አንድ ያልተጠበቀ ቆጣሪ ጠቁሞኛል።

ሁለተኛው፣ ማሽኑ በግዳጅ ሲጠፋ የተጠቃሚው ፕሮግራም ሳይገደል ድራይቨሩን ሊያነብ መቻሉ ነው። የንባቡ ጥሪ አሁን በሚውቴክሱ ሥር መዘጋቱን አይቶ ስህተት ይመልሳል።

መስከረም፦ ማረጋገጥ

ከ25 አንድ ጊዜ የሚመጣ ስህተት መጥፋቱን ለማረጋገጥ ስንት ጊዜ ማጥፋት ይበቃል? ስህተቱ ባይጠገን ኖሮ 100 ጊዜ አጥፍተን በአጋጣሚ አንድም ሳናይ የማለፋችን ዕድል 24/25 በራሱ 100 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ይህም 1.7 በመቶ ያህል ይሆናል። በ200 ግን ወደ 0.03 በመቶ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦርድ 200ን መለኪያ አደረግሁ። በ400 ብር የተገዛ ሪሌይ በሌላ ትንሽ ቦርድ እየታዘዘ የኃይል መስመሩን ይቆርጣል፣ እግሯ ዝቅ እስክትል ይጠብቃል፣ መልሶ ያበራል፤ የሲሪያሉም ጽሑፍ በሙሉ ይቀመጣል። የሚቆርጥበት ቅጽበት በዘፈቀደ እንዲለያይ ማድረግ አስፈላጊ ነው፤ አለዚያ ከ5 ሰከንዱ ታይመር ጋር ገጥሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሊያርፍ ይችላል።

ከዚህ ይልቅ ያመንሁት ግን ሌላውን ሙከራ ነው። በድሮው ኮድ ላይ 200 ሚሊሰከንዱን ወደ 4 ሰከንድ ሳሰፋው ቦርዱ ከ5 ጊዜ 4 ጊዜ ያህል ይንጠለጠል ጀመር። ያንኑ 4 ሰከንድ በአዲሱ ኮድ ላይ ትቼ ሌሊቱን ሙሉ አስኬድሁት፤ መዝጊያው በ4 ሰከንድ ረዘመ እንጂ አልቆመም። መስኮቱን ከፍቶ ማንም እንደማይገባበት ማየት፣ ጠባብ መስኮትን ብዙ ጊዜ ከመቁጠር የበለጠ ይነግራል።

ለመስክ ደግሞ አንድ መከላከያ ተጨምሯል። ያልታወቀ ሌላ ምክንያት ቦርዱን ቢያንጠለጥለው፣ የተንጠለጠለ ሥራ መርማሪው ከርነሉን ፓኒክ (ሥራውን ትቶ መቆም) ያስደርገዋል፣ ከ10 ሰከንድ በኋላም ቦርዱ ራሱን ያስነሣል፤ የመጨረሻው መልእክት በራምኡፕስ አማካይነት በሜሞሪው ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲነሣ ይነበባል። ይህ ጥገና አይደለም፤ ሰው መራዊ ድረስ ሳይሄድ ማስረጃው እንዲደርሰን ነው።

ጥቅምት፣ ሳጥኖቹ ሊመለሱ ሲሉ

ኅዳር ላይ ቦዮቹ ከመከፈታቸው በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። ባትሪ ለመቆጠብ ሌሊት ቦርዱ እንዲያንቀላፋ ተጠይቀናል። የማንቀላፊያው መንገድ የማቆሚያውን ፈንክሽን እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም፤ «ታይመር ሹትዳውን ሲንክ» የተጠራበት ታይመር እንደገና ካልተዋቀረ በቀር አይሞላምና፣ ቦርዱ ጠዋት ሲነቃ ልኬቱ ይቆማል። እዚያ ላይ በ«ታይመር ዲሊት ሲንክ» ብቻ መሰረዝና ነሐሴ ላይ የጻፍሁትን በስፒንሎክ የተጠበቀ ባንዲራ መመለስ ያስፈልጋል፤ ሲያንቀላፋ ይነሣል፣ ሲነቃ ይወርዳል። ፓቹ ተጽፏል፤ በኪውኢሙ ላይ ሎክዴፕና ካሳን በርተው እየሄደ ነው።